ስለ ንቅሳት ሥራ ጀማሪ ሊያውቀው የሚገባ ነገር

(በራዲዮ ከተነገሩት ንግግሮች)



«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላል ተረቱ። የፈሰሰው እህል እንደ ሆነ ጎንበስ ብሎ መልቀም ይቻላል፤ ጊዜ ይባክናል እንጂ እህሉ አይጠፋም። በሰው ቆዳ ውስጥ የፈሰሰ ቀለም ግን እንዲህ በቀላሉ የሚለቀም አይደለም። ዛሬ ልንነጋገርበት ያሰብነው የንቅሳት ሥራ ከሌሎች የእጅ ሥራዎች የሚለየውም በዚሁ ነው። ጸሓፊ የተሳሳተበትን ወረቀት ቀዶ ይጥላል፤ ልብስ ሰፊ ያጠበበውን ይተረትራል፤ አናጢ የተጣመመውን ምስማር ይነቅላል። የነቃሽን ስሕተት ግን ተሸክሞ የሚኖረው ሌላ ሰው ነው።

ይህን ጉዳይ ለማንሣት ምክንያት የሆነኝ አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ነው። አንድ ቀን በሻይ ሰዓት ወደ ጠረጴዛዬ መጥቶ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጁን ነገር አጫወተኝ። ልጁ የሥዕል ተሰጥዎ አለው። ቆጥቦ ባጠራቀመው ገንዘብ በአንድ ሣጥን ውስጥ ተሟልቶ የሚሸጥ የንቅሳት ዕቃ ገዛ፤ በዚያውም ምሽት ማንንም ሳያማክር በገዛ ግራ ክንዱ ላይ አንዲት ትንሽ ኮከብ ነቀሰ። በሦስተኛው ቀን ክንዱ አብጦ፣ ቀልቶ፣ ትኩሳት ያዘውና ወደ ሐኪም ቤት ተወሰደ። በመድኃኒት ዳነ፤ የኮከቢቱ ጠርዝ ግን በስስ ወረቀት ላይ እንደ ወደቀ ቀለም ተንዘርፍጦ ቀረ። አባትየው ይህን ከነገረኝ በኋላ፣ «ልጁ ሥራውን አልተውም ይላል፤ ብከለክለው ተደብቆ ይሠራል፤ ላስተምረው ብል ደግሞ እኔ ራሴ የማውቀው የለኝም፤ ምን ልበለው?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም በዚያን ሰዓት የምመልስለት ነገር አጣሁ። ይህ ንግግር ከዚያ በኋላ ጠይቄና አንብቤ ለእርሱ ያዘጋጀሁት መልስ ነው፤ ለሌሎችም ወላጆችና ወጣቶች ይጠቅማል በማለት በአደባባይ እነግረዋለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ንቅሳት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል በግንባሯ ላይ መስቀል፣ በአንገቷና በአገጭዋ ዙሪያ ደግሞ እንደ ድሪ የተደረደረ ንቅሳት ያላት እናት ወይም አያት ያላየ ሰው ጥቂት ነው። ጥርስ ነጥቶ እንዲታይም ድድን መነቀስ የታወቀ ነበር። ሥራውን የሚሠሩት በሙያቸው የታወቁ ሴቶች ሲሆኑ፣ ቀለሙ ከኩራዝ ወይም ከምጣድ የተሰበሰበ ጥላሸት፣ መሣሪያው እሾህ ወይም በክር የታሰሩ መርፌዎች ነበሩ። በሌላው ዓለምም ነገሩ ጥንታዊ ነው። በ1991 ዓ.ም. በኢጣልያና በኦስትሪያ ድንበር በበረዶ ውስጥ የተገኘው፣ ከ5,000 ዓመታት በፊት የኖረው ሰው በገላው ላይ 61 የንቅሳት ምልክቶች ተቈጥረውበታል። በኢየሩሳሌም አሮጌ ከተማም ከግብፅ የመጣው የራዙክ ቤተ ሰብ ለክርስቲያን ተሳላሚዎች የመስቀል ንቅሳት በመሥራት የታወቀ ነው፤ ሥዕሉን አስቀድሞ በእንጨት ማኅተም ቆዳው ላይ ያትምና በዚያው ምልክት ላይ ይነቅሳል።

ንቅሳት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክርም እንዲሁ ጥንታዊ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ቍጥር 28 ሥጋን መንቀስ መከልከሉን የሚጠቅሱ አሉ፤ በግንባሯ መስቀል የምትመካም እናት አለች። እኔ በዚህ ላይ ፈራጅ አልሆንም። ይህ ለእያንዳንዱ ሰው ኅሊናና ለንስሓ አባቱ የሚተው ጉዳይ ነው። እኔ የምናገረው ለመሥራት የቈረጠ ሰው ሌላውን እንዳይጎዳ ማወቅ ስለሚገባው ነገር ብቻ ነው።

በመጀመሪያ ጀማሪው የሚሠራበትን ሰሌዳ፣ ማለትም ቆዳን፣ ይወቅ። ቆዳ በዋናነት ሁለት ንጣፍ አለው። ላይኛው እጅግ ስስ ነው፤ ዘወትር እየሞተ ይረግፋል፣ በአንድ ወር ገደማም ይታደሳል። ስለዚህ በላይኛው ንጣፍ ብቻ የቀረ ቀለም ከእርሱ ጋር አብሮ ይረግፋል። ቀለሙ ጸንቶ የሚኖረው ከሥሩ ባለው፣ ደምና ጅማት በሚገኝበት ንጣፍ ውስጥ ነው፤ ይኸውም እንደየገላው ክፍል ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር ጥልቀት ላይ ነው። ከዚህ ያለፈ እንደ ሆነ መርፌው ስቡ ዘንድ ይደርሳል፤ ቀለሙም ከመሥመሩ ወጥቶ ከቆዳው በታች ይሰራጫል። የዚያን ወጣት ኮከብ ያበላሸው ይኸው ነው። እንግዲህ የሙያው ምስጢር በአንድ ሚሊ ሜትር ውስጥ የተወሰነ መሆኑን አስተውሉ።

ቀለሙ ለምን ሳይጠፋ እንደሚኖር ማወቅም ጠቃሚ ነው። ባዕድ ነገር በገባ ጊዜ የሰውነት ዘበኞች የሆኑት ሕዋሳት መጥተው የቀለሙን ደቃቅ ቅንጣት ይውጣሉ፤ ነገር ግን ሊፈጩት አይችሉም። ዋጩ ሕዋስ ሲሞት ቀለሙን ሌላው ይረከበዋል። ስለዚህ ንቅሳትን ዕድሜ ልክ ጠብቆ የሚያኖረው ቀለሙን ሊያስወግድ የመጣው የሰውነት መከላከያ ራሱ ነው። የተጸጸተ ሰው ንቅሳቱን በሌዘር ጨረር ሊያስጠፋ ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ መመላለስ፣ ብዙ ገንዘብና ሕመም ይጠይቃል፤ ሁልጊዜም ሙሉ በሙሉ አይለቅም።

ሁለተኛው መታወቅ ያለበት ነገር በደም የሚተላለፍ በሽታ ነው። ቀድሞ በአንድ መርፌ ብዙ ልጃገረዶች ተራ በተራ ይነቀሱ ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለ ሥራ ሄፓታይተስ ቢና ሲ የተባሉትን የጉበት በሽታዎች፣ እንዲሁም ኤች አይ ቪን ከአንዱ ወደ ሌላው ሊያሻግር እንደሚችል እናውቃለን። የሄፓታይተስ ቢ ተሕዋስ በደረቀ ደም ውስጥ እንኳ ቢያንስ ለሰባት ቀን ሳይሞት ይቆያል፤ ዐይን የማያየው ጠብታ በጠረጴዛ ወይም በመብራት ማብሪያ ላይ ቀርቶ በሳምንቱ ሰው ሊያሲዝ ይችላል ማለት ነው። የኒው ዮርክ ከተማ በ1961 ዓ.ም. ንቅሳትን በሕግ የከለከለችው ይህንኑ የጉበት በሽታ ምክንያት በማድረግ ነበር፤ ክልከላውም እስከ 1997 ዓ.ም. ጸንቶ ቆይቷል። ስለዚህ ጀማሪ ነቃሽ መኪና ከመግዛቱ በፊት የሄፓታይተስ ቢን ክትባት ይከተብ፤ ክትባቱ አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ወር ውስጥ በሦስት ዙር የሚሰጥ ነው። ለሄፓታይተስ ሲና ለኤች አይ ቪ ግን እንዲህ ያለ ክትባት የለም።

«መርፌውን አፈላዋለሁ» የሚል ሰው ይኖራል። ይህ በተለይ በእኛ ከተማ የሚያስት ነገር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ ውሃ የሚፈላባት በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። መሣሪያን ከሕያው ነገር ሁሉ ፍጹም ለማንጻት ግን በአውቶክሌቭ፣ ማለት በታፈነ እንፋሎት፣ በ121 ዲግሪ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ መቆየት ያስፈልጋል። በክብሪት እሳት መለብለብም ሆነ በአልኮል መጥረግ ይህን አይተካም። እንግዲህ የማይሻረው ደንብ፣ መርፌ ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ የሚል ነው። መርፌን አጥቦ ዳግመኛ ለሌላ ሰው የሚያውል ነቃሽ ገንዘቡን ሲቆጥብ የሰውን ጉበት ያባክናል።

አሁን ወደ መሣሪያው እንምጣ። የዛሬው የንቅሳት መኪና የዘር ሐረጉ ከጽሕፈት ቤት የሚመዘዝ መሆኑን ብነግራችሁ ምናልባት ይገርማችሁ ይሆናል። ቶማስ ኤዲሰን በ1876 ዓ.ም. የኤሌትሪክ ብዕር የሚባል መሣሪያ አስመዝግቦ ነበር፤ ይህ ብዕር በፍጥነት በሚወጣና በሚገባ መርፌ ወረቀትን እየበሳ፣ የጽሕፈት ቤት ደብዳቤዎችን ለማባዛት የሚሆን ስቴንስል ያወጣ ነበር። በ1891 ዓ.ም. ሳሙኤል ኦሬይሊ የተባለ የኒው ዮርክ ነቃሽ ያንኑ ሐሳብ አሻሽሎ የኤሌትሪክ መንቀሻ አስመዘገበ። ለደብዳቤ ማባዣ የታሰበው መርፌ ወደ ሰው ቆዳ የተሻገረው እንዲህ ሆኖ ነው።

ዛሬ በገበያ የሚገኙት መኪናዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ባለ ጥቅል ሽቦ ነው፤ አሠራሩም እንደ ኤሌትሪክ የበር ደወል ነው፤ ማግኔቱ ብረቱን ይስባል፣ ሞላው ይመልሰዋል፣ መርፌውም አብሮ ይወጣል ይገባል። ይህ መኪና ብርቱ ነው፤ ነገር ግን ይከብዳል፣ ይጮኻል፣ ሞላውንና ብሎኑን አስተካክሎ መያዝን ይጠይቃል። ሁለተኛው በትንሽ ሞተር የሚሽከረከር ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ በብዕር መልክ ይሠራል፤ ቀላልና ጸጥተኛ ነው። መርፌውም በታሸገ ቀለህ ውስጥ ሆኖ ይሰካና ሥራው ሲያበቃ ከነቀለሁ ይጣላል። እጁ ገና ላልጸና ጀማሪ ይህ ሁለተኛው ይሻለዋል። ቀለህ ሲመርጥ ግን ቀለምና ደም ወደ መኪናው ውስጥ ተመልሶ እንዳይገባ የሚከለክል ስስ ላስቲክ በውስጡ ያለበት መሆኑን ያረጋግጥ። መኪናው ኀይሉን የሚያገኘው ቮልቱን ከሚመጥን ሣጥን ወይም ከባትሪ ነው፤ አብዛኛው ሥራ ከ6 እስከ 9 ቮልት ባለው መካከል ይከናወናል። ጀማሪው ከዝቅተኛው ይነሣ፤ እጁ ሳይፈጥን መኪናው የፈጠነበት ሰው ቆዳውን ይፈጨዋል።

መርፌዎቹም በዓይነት ይለያሉ። ለመሥመር የሚሆኑት ጫፋቸው በአንድነት ተጠጋግቶ በክብ የታሰሩ ናቸው፤ ለጥላ የሚሆኑት ፈታ ብለው የታሰሩ ናቸው፤ ሰፊ ቦታ ለመሙላት የሚሆኑት ደግሞ በሁለት ረድፍ እንደ ማበጠሪያ የተደረደሩ ናቸው። በእሽጉ ላይ ለምሳሌ 1205 ተብሎ ቢጻፍ፣ 12 የእያንዳንዱን መርፌ ውፍረት፣ ማለት 0.35 ሚሊ ሜትርን፣ 05 ደግሞ የመርፌዎቹን ብዛት ያመለክታል፤ ከቍጥሩ ቀጥሎ «አር ኤል» የሚል ፊደል ካለበት ለመሥመር የሚሆነው ነው። ይህን ማንበብ የማያውቅ ሰው ነጋዴው የሰጠውን ይዞ ይሄዳል።

መርፌ ሲገዛ ጀማሪው አራት ነገር ይመርምር፤ እሽጉ ያልተቀደደና ያልረጠበ መሆኑን፣ በጋዝ መታከሙን የሚያሳየው ምልክት ቀለሙን መለወጡን፣ የመጠቀሚያው ጊዜ ያላለፈበት መሆኑን፣ እንዲሁም የሠሪው ስምና የምርቱ ቍጥር መጻፉን። ከአራቱ አንዱ የጎደለውን መርፌ በብርቱካን ላይ ይለማመድበት እንጂ በሰው ላይ አያሳርፈው። እሽጉን ከከፈተም በኋላ ጫፉ የታጠፈ ወይም የተቈለመመ እንዳይሆን በማጉያ መነጽር ይየው፤ የታጠፈ መርፌ እንደ መንጠቆ ቆዳን ይቦጭቃል።

ስለ ቀለሙ የሚደረገው ጥንቃቄ ከዚህ የበረታ ነው፤ መርፌው ወጥቶ ሲሄድ ቀለሙ ይቀራልና። ለጀማሪ ጥቁር ብቻ ይበቃዋል። ጥቁሩ ከደቃቅ ካርቦን የሚሠራ ስለ ሆነ በመሠረቱ የአያቶቻችን ጥላሸት ነው፤ ልዩነቱ የተመጠነና ከተሕዋስ የነጻ መሆኑ ላይ ነው። በእኛ ቆዳ ላይም ከሁሉ ይልቅ ጠርቶ የሚታየው ጥቁር ነው፤ ቀያይ ቀለማት ደግሞ ቆዳን በማሳከክና በማስቈጣት ይታወቃሉ። የአውሮፓ ኅብረት ከ2022 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ በንቅሳት ቀለም ውስጥ ሊገኙ የማይገባቸውን አያሌ ኬሚካሎች በሕግ ወስኗል። ስለዚህ በጠርሙሱ ላይ የተቀላቀለበት ነገር፣ ከተሕዋስ የነጻ መሆኑ፣ የምርቱ ቍጥርና ቀኑ ያልተጻፈበትን ቀለም አለመግዛት ነው። የወረቀት ቀለም፣ የማተሚያ ቀለምና የቀለም እርሳስ ወደ ቆዳ የሚገቡ አይደሉም።

ቀለም ቢወፍርበት ጀማሪው ከቧንቧ ውሃ ጨምሮ አያቅጥነው። በ2011 እና በ2012 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር በሮቸስተር ከተማ 19 ሰዎች በአንድ ነቃሽ ዘንድ ከተነቀሱ በኋላ ቆዳቸው ሽፍ ብሎ ታመሙ። በተመረመረ ጊዜ ለበሽታው ምክንያት ሆኖ የተገኘው ተቀላቅሎ የተሸጠው ግራጫ ቀለም ነበር፤ በውሃ ውስጥ የሚኖር፣ ከሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስ ጋር የሚዛመድ ባክቴሪያ ገብቶበት ተገኝቷል። እዚህ ላይ ነቃሹ በንጹሕ እጁ የሠራ ሊሆን ይችላል፤ የተበከለ ቀለም ግን የንጹሕን እጅ ሥራ ከንቱ ያደርገዋል።

በሣጥን ተሟልተው በርካሽ ስለሚሸጡት ዕቃዎች በአጭሩ ልናገር። በእነዚህ ሣጥኖች ውስጥ መኪናው ምናልባት ለልምምድ ይሆን ይሆናል፤ አብሮት የሚሰጠው ቀለምና መርፌ ግን ብዙ ጊዜ ስምም ቀንም የለውም። የኪሱ ዐቅም የተወሰነ ጀማሪ ገንዘቡን በመኪናው ማማር ላይ አያውለው፤ ይልቅስ መጠነኛ መኪና ገዝቶ የቀረውን ለታሸገ መርፌ፣ ለታመነ ቀለም፣ ለጓንትና ለማጽጃ መድኃኒት ያድርገው።

ከዚህ ቀጥሎ የልምምዱ ነገር ይመጣል። ጀማሪ የመጀመሪያ ወሮቹን በእርሳስና በወረቀት ያሳልፍ። ቀጥ ያለ መሥመር፣ ክብ፣ ጠመዝማዛና ፊደል እጁ ሳይንቀጠቀጥ እስኪወጣለት ድረስ ይሣል። በተለይ የእኛን ፊደል ሊነቅስ የሚያስብ ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል። «በ» እና «ቡ» የሚለያዩት በአንዲት ትንሽ ጭረት ነው፤ የ«ቤ»ን ቀለበት ጠባብ አድርጎ የነቀሰ እንደ ሆነ፣ ዓመታት እያለፉ መሥመሩ ሲወፍር ቀለበቱ ይደፈናል። ስለዚህ ፊደሉ ሰፋ ብሎ ይጻፍ፤ ስሙም ከመነቀሱ በፊት ባለቤቱ በወረቀት አንብቦ ይፈርምበት። በደብዳቤ ላይ የፊደል ስሕተት ሲገኝ ምን እንደሚደርስ የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ በክንድ ላይ የተገኘ እንደ ሆነ ግን ዳግመኛ ተጽፎ የሚመጣ ደብዳቤ የለም።

ከወረቀት ቀጥሎ መኪናውን በባዶው መልመድ ይገባል፤ መርፌ በሌለበት እየያዙ ክብደቱንና ንዝረቱን እጅ ይወቀው። ሦስተኛው ደረጃ ፍራፍሬ ነው። ብርቱካን ክብና ነቍጣ ነቍጣ ስለ ሆነ በተጠማዘዘ ገላ ላይ መሥራትን ያስተምራል፤ ሙዝ ደግሞ ልጣጩ ስስ ስለ ሆነ የእጅን ክብደት ያጋልጣል፤ ጠልቆ የገባ መርፌ ልጣጩን ሲቀደው ወዲያው ይታያል። አራተኛው በሲሊኮን የተሠራ ሰው ሠራሽ ቆዳ ነው፤ መጀመሪያ በጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ኋላም በጠርሙስ ላይ ጠቅልሎ መለማመድ ይቻላል። ነገር ግን ብርቱካንም ሲሊኮንም አይደማም፣ አይንቀሳቀስም፣ አያብጥም፤ ሕመምም አያውቅም። ስለዚህ በእነርሱ ላይ የተዋጣለት ሰው ጨረስኩ አይበል፤ ከልምድ ያለው ባለ ሙያ ዘንድ ገብቶ ወለል እየጠረገ፣ ዕቃ እያጸዳ፣ እጁን እየተመለከተ ይማር። የመጀመሪያውን የሰው ቆዳ መንካት የሚገባው በዚህ ዐይነት መምህር ዐይን ሥር ነው።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ የሥራው መልካምነት የሚወሰነው ከሥራው በፊት ባለው ዝግጅት ነው። ክፍሉ ከምግብ ማብሰያና ከመኝታ የተለየ፣ ብርሃን የሞላው፣ የሚታጠብ ወለልና የእጅ መታጠቢያ ያለው ይሁን። ጠረጴዛው በማጽጃ መድኃኒት ተጠርጎ፣ መድኃኒቱ በጠርሙሱ ላይ ለተጻፈው ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ በንጹሕ ላስቲክ ይሸፈን። መኪናው፣ ሽቦውና የኀይል ሣጥኑ እንዲሁ በላስቲክ ይልበሱ። ቀለሙ ለአንድ ሰው በሚበቃ መጠን በትንንሽ የሚጣሉ ክዳኖች ይቀዳ፤ የተረፈው ይደፋል እንጂ ከቶ ወደ ጠርሙሱ አይመለስም። ቫዝሊንም ከዕቃው በእንጨት ማንኪያ ተጨልፎ ይቀመጥ፤ ጣት አይገባበትም። ሶፍት፣ የተጣራ ንጹሕ ውሃ፣ የሳሙና ውሃና ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሴፍቲ ቦክስ፣ ሁሉም እጅ በሚደርስበት ይደርደር። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብና ጓንት ይጠለቅ። ጓንት ካጠለቁ በኋላ ስልክ ማንሣት፣ መሳቢያ መክፈት፣ ፀጉር መንካት የለም፤ የነካውን ሁሉ ደም እንደ ነካው መቍጠር ይገባል።

ከዚያም የተነቃሹ ቆዳ በሳሙና ውሃ ይታጠባል፤ ፀጉሩ አንድ ጊዜ በሚያገለግል ምላጭ ይላጫል፤ በአልኮል ተጠርጎ ይደርቃል። ሥዕሉ የሚተላለፈው እንደ ካርቦን ወረቀት ባለ ወይን ጠጅ ቀለም ስቴንስል ነው፤ ከተለጠፈ በኋላ ዐሥር ወይም ዐሥራ አምስት ደቂቃ እንዲደርቅ መታገሥ ነው፤ ያልደረቀ ስቴንስል በመጀመሪያው ጥርገት ይጠፋል። በሥራ ጊዜ አንዱ እጅ ቆዳውን እንደ ከበሮ ይወጥራል፤ ሌላው መርፌውን ቀለም ነክሮ ቀስ ብሎ፣ ሳይጫን፣ በአንድ ፍጥነት ይስባል። ሥራው ከታች ወደ ላይ ይሂድ፤ የሚጠርገው እጅ ያልተሠራውን ሥዕል እንዳያጠፋ። አንዱን መሥመር ደጋግሞ መመላለስ ቆዳን ያቈስላል፤ ያልያዘውን ከዳነ በኋላ ማስተካከል ይሻላል።

ሥራው ሲያልቅ መርፌው ከሁሉ በፊት ወደ ሴፍቲ ቦክስ ይግባ፤ የሞላውም ሣጥን በመንደር ቆሻሻ ላይ ሳይጣል የሚያቃጥለው ጤና ተቋም ዘንድ ይድረስ፤ ቆሻሻ የሚለቅመው ሰውም እጅ እንዳለው አይዘንጋ። ነቃሹ ራሱ ተወግቶ እንደ ሆነ ቦታውን በሳሙናና በውሃ አጥቦ ያለ መዘግየት ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፤ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚሰጠው በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በቶሎ ሲጀመርም ይበልጥ ይረዳል።

ነቃሽ «አይሆንም» ማለትንም ይማር። ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላውን፣ የጠጣን ሰው፣ በቦታው ቍስል ወይም ሽፍታ ያለበትን ይመልስ። ስኳር በሽታ ያለበት ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። ጠባሳው እያበጠ ከቍስሉ በላይ የሚያድግበት ሰውም አለ፤ ይህ በጥቁር ሕዝብ ቆዳ ላይ አዘውትሮ የሚታይ ነውና፣ «ቀድሞ ቈስለህ ጠባሳህ እንዴት ሆነ?» ብሎ መጠየቅ ግዴታ ነው። ተነቃሹም ቤቱ ሲሄድ ቦታውን በለዘብተኛ ሳሙና እንዲያጥብ፣ ቅርፊቱን እንዳይልጥ፣ እስኪድን ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ያህል ከፀሐይና ከዋና እንዲርቅ፤ ቦታው ቢያብጥ፣ ቢመግል ወይም ትኩሳት ቢይዘው ፈጥኖ ወደ ሐኪም እንዲሄድ ይነገረው።

ይህን ሁሉ ለባልደረባዬ በነገርኩት ጊዜ ዝም ብሎ ሰማኝና፣ «እንግዲያስ ልጄ የገዛው ሣጥን የሥራው ትንሹ ክፍል ነው» አለ። እኔም ከዚህ የተሻለ ማጠቃለያ አላገኘሁም። ከዚያ ወዲህ ልጁ የሦስቱን ዙር ክትባት ጨርሷል፤ በሣጥኑ የመጣውን ቀለም ደፍቶታል፤ በሰው ቆዳ ላይ ግን እስካሁን መርፌ አላሳረፈም። አባትየው ባለፈው ሳምንት ሲያጫውተኝ፣ ቤታቸው የገባ ብርቱካን ሁሉ መስቀልና ኮከብ ተነቅሶበት የሚበላ ፍሬ እንደ ጠፋ እየሣቀ ነገረኝ። በልጁ ክንድ ላይ ያለችው ያች የደበዘዘች ኮከብ ግን አሁንም አለች። ሊያስጠፋት እንዳሰበ አባቱ ቢጠይቀው፣ «የለም፤ ወደ ሌላ ሰው ክንድ ስቀርብ ቀድሜ እርስዋን ልያት» አለው ይባላል።

ስለዚህ፣ የተከበራችሁ አንባቢዎች፣ ከልጆቻችሁ አንዱ እንዲህ ያለ ሣጥን ይዞ ወደ ቤት የገባ እንደ ሆነ፣ ከመቈጣታችሁ በፊት አንድ ብርቱካን አቅርቡለትና አብራችሁት ተቀመጡ። ትዕግሥቱ ካለው በብርቱካኑ ላይ ይታያል፤ ከሌለውም በብርቱካኑ ላይ መታየቱ በሰው ላይ ከመታየቱ ይሻላል።